አዲስ ስታዲየም ሲከፈት ለምትጠብቁ፦ ዋሽንግተን ላይ ያሳለፍነው ዓመት

ላስ ቬጋስ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ ምክር ጠየቀኝ። ትሮፒካና ሆቴል ፈርሶ በቦታው የቤዝቦል ስታዲየም እየተሠራ ነው። ኦክላንድን የለቀቀው አትሌቲክስ የሚባለው ቡድን በ2028 ይገባበታል ተብሏል። እሱም አንድ መኪና በብድር ጨምሮ ለማሠራት አስቧል። «ሠላሳ ሺህ ምናምን ሰው የሚይዝ ስታዲየም ደጄ ላይ ሲከፈት ቁጭ ብዬ ልይ እንዴ?» ነው የሚለው። በስልክ የነገርኩትን ሌሎቻችሁም ብትሰሙት ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። እኔና ባለቤቴ ይህንኑ ሂሳብ በ2008 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ሠርተን፣ ዕዳ ውስጥ ገብተን፣ ቀስ ብለን ወጥተናል። (ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ያኔ ታክሲ ነበር የምነዳው። የዲሲ ታክሲ እንደ ኒው ዮርክ በውድ ዋጋ ፈቃድ የሚገዛበት አልነበረም። ፈተናውን ያለፈ ሰው የራሱን መኪና አዘጋጅቶ ይሠራል። ስለዚህ ከተማው በታክሲ የተሞላ ነበር፤ ከነጂዎቹም ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ነበሩ። ናሽናልስ የሚባለው ቡድን በ2005 ከካናዳዋ ሞንትሪያል መጥቶ ሦስት ዓመት አርኤፍኬ በሚባለው አሮጌ ስታዲየም ተጫውቷል። ከተማው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር አዲስ ሲሠራለት፣ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ወሬያችን ሁሉ እሱ ሆነ። ስታዲየሙ ወደ 42 ሺህ ሰው ይይዛል፤ ቡድኑ በዓመት 81 ጨዋታ በሜዳው ያደርጋል። አንዱ ሞባይሉን አውጥቶ ሁለቱን ያባዛና «ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው!» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያ ነበር፤ ያኔ ግን ሁላችንም ወተቷን በሐሳባችን እያለብን ነበር።

ባለቤቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። ሥራው ወገብ ይሰብራል፤ ነገር ግን ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ የጤና ኢንሹራንስም ነበረው። ስታዲየሙ ውስጥ ምግብና መጠጥ የሚሸጥ ድርጅት ሰው ሲቀጥር የሰዓት ክፍያው ከሆቴሉ ስለሚሻልና ቲፕም ስላለው ወደዚያ ተሻገረች። እኔ ደግሞ አሮጌዋን መኪና ሰጥቼ በየወሩ የሚከፈልባት የተሻለች መኪና ወሰድኩ። አዩት? የአንድ ቤት ሁለት ገቢ አንድ ቡድን ላይ ተንጠለጠለ። ከዚህ ጽሑፍ ምንም ባትይዙ ይቺን ያዙልኝ፦ ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንዳችሁ ከስታዲየሙ ውጭ ሁኑ።

መክፈቻው መጋቢት 30 ቀን 2008 እሑድ ማታ ነበር፤ በእኛ ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ብርዱ ክረምት ይመስል ነበር። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወሩ፤ መንገዱ ሁሉ በፖሊስ ተዘግቷል። ናሽናልስ ከአትላንታ ብሬቭስ ጋር በዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ማለት በመጨረሻው ዙር፣ 2 ለ 2 ሆኑ፤ እዚያ ላይ የናሽናልሱ ራያን ዚመርማን ኳሷን ከሜዳ አውጥቶ መታትና 3 ለ 2 አሸነፉ። የተቆጠረው ተመልካች 39,389 ነው። ሰው እየዘፈነ ሲወጣ እኔ ሁለት መንገድ ርቄ ቆሜ ነበር፤ ያገኘሁት ተሳፋሪ እየሳቀ ነው የከፈለኝ፣ ቲፑም ጥሩ ነበር። ባለቤቴም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ግን በርቶ ገባች። ያን ሌሊት ኩሽና ቁጭ ብለን የዓመቱን ገቢ አሰላን።

ከዚያ ቡድኑ ለሳምንት ያህል ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሚያዝያ 7 በፈረንጅ ሲመለስ ስታዲየሙ የገባው ሰው የመክፈቻውን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሁለተኛ ጨዋታ! ስታዲየሙ አዲስ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ግማሹ ወንበር ባዶ። ባለቤቴን ጨዋታው ሳያልቅ «ሰው ስለሌለ ሂጂ» ብለው ሰደዷት፤ የተከፈላትም ለሠራችበት ሰዓት ብቻ ነው። ቡድኑም በዚያው ሰሞን ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። እኛ ያሰላነው በሕንፃው ነበር፤ ሰው ግን የሚመጣው ለቡድኑ ነው፣ ያ ቡድን ደግሞ ደካማ ነበር። ሚያዝያ 17 ጳጳሱ ቤኔዲክቶስ 16ኛ እዚያው ስታዲየም ቅዳሴ ሲመሩ እንደገና ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ጳጳስ ግን በየሳምንቱ አይመጣም።

ሁለተኛው ያልገባን ነገር የባቡሩ ነው። ኔቪ ያርድ የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ከስታዲየሙ በር ጥቂት እርምጃ ነው፤ ለጨዋታው ብለው መውጫውን አስፍተውት ነበር። መኪና ለሚያመጣ ደግሞ አርኤፍኬ ጋ በነፃ አቁሞ በነፃ አውቶቡስ የሚመጣበት ዝግጅት ነበር። ሰፈሩ ራሱ ገና ሰፈር አልሆነም። በጎን በጎን ሬስቶራንትና አፓርትማ ይሠራል ተብሎ ነበር፤ የዚያ ዓመት የኢኮኖሚ ቀውስ ግን ብዙውን አስቆመው፣ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት የተቆፈረ ጉድጓድ ለዓመታት እንደ ተከፈተ ቀረ። ጨዋታ ሲያልቅ የሚቀመጥበት ቤት ስለሌለ ሰው ሁሉ እንደ መጣ በባቡር ይሄዳል። ሠላሳ ሺህ ሰው ከፊታችን እያለፈ እኛ ባዶ መኪና ውስጥ ሆነን ጣቢያው ሲውጠው እናያለን። አዲስ ስታዲየም አጠገብ ለመሥራት የምታስቡ፣ ስንት ሰው ይይዛል ከማለታችሁ በፊት ሰዉ በምን ይመጣል፣ ሲያልቅስ ምን ይጠብቀዋል ብላችሁ ሄዳችሁ በእግራችሁ እዩ።

በዚያ ላይ የታክሲው ሕግ በመካከሉ ተለወጠ። ዲሲ ከጥንት ጀምሮ የምትሠራው በዞን ነበር፤ ከተማዋ በካርታ ተከፋፍላ ስንት ዞን አቋረጥክ ተብሎ ነው የሚከፈለው። ከንቲባው ኤድሪያን ፌንቲ ከግንቦት 1 ጀምሮ ሜትር ይሁን አሉ። እኛ ተቃውመናል፣ ሥራ አቁመናልም። እውነቱን ለመናገር ለስታዲየም ሥራ ሜትሩ ይሻል ነበር፤ በዞን ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ብትቆም ያው ሂሳብ ነው፣ ሜትሩ ግን ቆመህም ይቆጥራል። ለአጭር መንገድ ግን ጎዳን፤ መነሻው ሦስት ዶላር ሆኖ ከስታዲየሙ እስከ ካፒቶል ሂል ያለው ጉዞ ምንም አይሞላም። የከተማ አስተዳደር የሒሳቡን ደንብ በፈለገ ጊዜ ይለውጣል። ዛሬ በኡበርና በሊፍት ለምትሠሩ ደግሞ ደንቡን የሚለውጠው መተግበሪያው ነው፤ የብድር ወረቀት ስትፈርሙ የዛሬው ዋጋ ለከርሞም እንዲሁ ይቀጥላል ብላችሁ አትፈርሙ።

ሥራዬን የለወጠልኝ አንድ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሾፌር ናቸው። ሰኔ ላይ ነው፣ ስታዲየሙ በር ላይ ተሰልፈን ሳለ ወደ መስኮቴ መጡና «አንተ፣ የምትሠራበትን ጨዋታ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። እግር ኳስ አይደለም፣ ምን አገባኝ ብዬ ነው የማልፈው። «እንግዲያ መቼ እንደሚያልቅ በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። እሳቸው መኪናቸው ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው ጨዋታውን ይከታተላሉ፤ ሰው ሳይወጣ ቀድመው ያውቃሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሰማሁ ተማርኩ፤ እናንተ አንድ ከሰዓት በኋላ ብትሰጡት ይበቃችኋል።

ቤዝቦል እንደ እግር ኳስ ዘጠና ደቂቃ የለውም። ዘጠኝ ኢኒንግ አለው፤ በእያንዳንዱ መጀመሪያ እንግዳው ቡድን ይመታል፣ ቀጥሎ ባለሜዳው። ዘጠነኛው ላይ እንግዳው መትቶ ሲጨርስ ባለሜዳው እየመራ ከሆነ፣ ባለሜዳው ሳይመታ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። እኩል ከሆኑ አቻ ብሎ ነገር የለም፤ አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላል። ባለሜዳው በሰፊው ከተመራ ሰው ከሰባተኛው ኢኒንግ ጀምሮ መውጣት ይጀምራል፤ የ2008ቱ ናሽናልስ ብዙ ጊዜ ስለሚሸነፍ ለእኔ የሥራ ሰዓት እሱ ሆነ። ሰዉ በዝግታ ስለሚወጣ ሁለትና ሦስት ጉዞ ይሠራበታል። ቡድኑ ባሸነፈ ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ የምታገኙት አንድ ጉዞ ነው፣ እሱም ከትራፊክ ጋር ታግላችሁ። ስለዚህ ለደጋፊው የሚያሳዝነው ለሹፌሩ ይሻል ነበር፤ ይህን ለተሳፋሪ እንዳትናገሩ እንጂ።

ያኔ ትልቁ ገንዘብ የሚገኘው ባቡሩ ሲዘጋ ነበር። ሜትሮ በሥራ ቀናት እኩለ ሌሊት ላይ ያቆም ነበር፣ ዓርብና ቅዳሜ ግን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሠራ ነበር። ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦ ካስረዘመው፣ ወይም ዘጠኙ ኢኒንግ አልፎ ከቀጠለ፣ በማክሰኞ ሌሊት የባቡሩ ሰዓት ያለፈበት ሰው የግድ ታክሲ ይፈልጋል። ሬዲዮ የሚሰማ ሾፌር ያን ጊዜ ቦታውን ይይዛል፣ ሌላው ቤቱ ተኝቷል። አሁን ነገሩ ተለውጧል፤ ከ2023 ወዲህ ለወርዋሪው ሰዓት ስለሚቆጠርበት ጨዋታው ሃያ ደቂቃ ያህል አጥሯል፣ ትርፍ ኢኒንጉም በአዲሱ ደንብ ቶሎ ያልቃል። ላስ ቬጋስ ላይ ደግሞ ስታዲየሙ ጣራ ስለሚኖረው ዝናብ አታስቡ። የባቡሩን ነገር ግን በሌላ መልኩ አስቡት፤ እናንተ ጋ ሆቴሉ ሁሉ በእግር መንገድ ላይ ነው፣ የእኛ ተመልካች በባቡር እንደ ሄደብን የእናንተም በእግሩ ሊሄድባችሁ ይችላል።

ጋሼ ሌላም ነገር አስተማሩኝ፤ ከጨዋታው በኋላ ሳይሆን ከጨዋታው በፊት ሥራ። ሰው ሲመጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተበታትኖ ነው የሚመጣው፣ መንገዱም ገና አልተዘጋም። ከመሀል ከተማ ሆቴሎች አንዱን አድርሶ ተመልሶ ሌላውን መውሰድ ይቻላል። ሲያልቅ ደግሞ ከበሩ መራቅ ነው፤ አረንጓዴው መስመር ከስታዲየሙ ተነስቶ በቻይናታውን አልፎ ዩ ስትሪት ይደርሳል። ቻይናታውን ወይም ዩ ስትሪት ላይ ብትጠብቅ ከባቡር የሚወርደው ተመልካች እራት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ወደ ቤቱ ረጅም መንገድ የሚሄድ ተሳፋሪ ይሆንልሃል። ዩ ስትሪት ደግሞ የእኛው ሰፈር ስለሆነ ቡናም አይቸግርም።

የጨዋታው ፕሮግራም ቀድሞ ስለሚወጣ የቤት ኪራይ ከመክፈላችሁ በፊት እሱን ፊት ለፊት ስቀሉት። ቡድኑ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ያህል ቤቱ ይጫወትና ያንኑ ያህል ይጠፋል፤ ኪራዩና የመኪናው ክፍያ ግን በየወሩ ይመጣል። እንግዳው ማን እንደሆነም እዩ። ፊላደልፊያና ኒው ዮርክ ሜትስ ሲመጡ ደጋፊያቸው ቅርብ ስለሆነ ተከትሏቸው ይመጣል፣ ሆቴል ይይዛል፣ ታክሲ ይጠቀማል። ባለሜዳው ደካማ በሆነ ዓመት ስታዲየሙን የሚሞላው እንግዳው ነው። ላስ ቬጋስ ላይ ይህ ይበልጥ የሚሠራ ይመስለኛል፤ የሎስ አንጀለስና የሌላውም ከተማ ደጋፊ ጨዋታውን ምክንያት አድርጎ ለሽርሽር ይመጣል።

ሐምሌ ላይ ቤንዚን ጋሎኑ ከአራት ዶላር በላይ ነበር። ነሐሴ ላይ ቡድኑ አሥራ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። ባለቤቴ የምትጠራባቸው ቀናት እየቀነሱ ሄዱ፣ የጠሯትም ቀን በጊዜ ትመለሳለች። የመኪናው ክፍያ አንድ ወር ዘገየ፣ ቅጣት ተጨመረበት። ያኔ ነው ተቀምጠን እንደ ገና ሂሳብ የሠራነው፤ ባለቤቴ «የስታዲየሙን ገንዘብ ከደሞዝ እንዳትቆጥረው፣ የለም ብለህ አስላ» አለችኝ። በዚህ ተስማማን። እሷ ወደ ሆቴል ሥራ ተመለሰች፤ የድሮው ሰዓቷ ተይዞ ስለነበር የሌሊቱን ወሰደች፣ ስታዲየሙን ቅዳሜና እሑድ ብቻ አደረገችው። እኔ ጠዋት ጠዋት የዩኒየን ስቴሽንና የኤርፖርት ሥራ ላይ አተኮርኩ። ከጨዋታ የመጣው ገንዘብ በሌላ ሂሳብ እየገባ ለመኪናው ኢንሹራንስና ለጎማ ብቻ ዋለ። ያን ዓመት ያወጣን ይኸው ነው፤ ዕዳውን ለመጨረስ ግን ቀጣዩንም ዓመት ፈጀብን።

ክፍያ ሊዘገይባችሁ ሲል ለአበዳሪው ደውላችሁ ተናገሩ። እኛ ደብቀን ነው የቆየነው፤ ስንደውል ግን አንዱን ወር ወደ መጨረሻ አሸጋገሩልን። ከመዘግየቱ በፊት የሚደውል ሰውን በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት።

ወቅቱ ሲያልቅ ናሽናልስ 59 አሸንፎ 102 ተሸንፎ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከሁሉም የሊጉ ቡድኖች የከፋው ውጤት ነው። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 27 በፈረንጅ፣ ፊላደልፊያ ናሽናልስን አሸንፎ የምድቡ ሻምፒዮን ሆነ፤ ያን ዓመት ዋንጫውንም እሱ ወሰደ። ሰው «በሁለተኛው ዓመት ይሻላል» ይል ነበር። አልተሻለም፤ በ2009 የተሸነፉት 103 ነው፣ የአዲስነቱም ነገር ስላለፈ ወደ 2.3 ሚሊዮን የነበረው የዓመቱ ተመልካች 1.8 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ። ከሁሉ የከፋው ቡድን አዲስ ተጫዋች ቀድሞ ይመርጥ ስለነበር፣ ከውድቀቱ የመጣው ጥሩ ነገር ስቲቨን ስትራስበርግ የሚባለውን ወርዋሪ መምረጣቸው ነው፤ በሰኔ 2010 መጀመሪያ ሲወረውር ስታዲየሙ ሞልቶ ስልኬ አላርፍም አለ። ዋንጫው የመጣው በ2019 ነው። ከመክፈቻው ሌሊት አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው፤ ማንም ባንክ አሥራ አንድ ዓመት አይጠብቅም።

ስታዲየም ውስጥ ልትቀጠሩ ለምታስቡ እህቶችና ወንድሞች ባለቤቴ ያስያዘችኝ አለ። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ተጠርታችሁ መጥታችሁ ሰው ባይኖር ቢያንስ የስንት ሰዓት ይከፈላል? ጨዋታው ቢሰረዝስ? ቲፕ የሚከፋፈለው በማን ነው፣ በጠረጴዛው ወይስ በሁሉም? ኮንሰርትና ሌላ ዝግጅት ሲኖር እናንተ ናችሁ የምትጠሩት ወይስ ሌላ ሰው? የጤና ኢንሹራንስ ለማግኘት ስንት ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል? እሷ ስትቀጠር ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቀችም፣ የነገራትም የለም። ወቅቱ አልቆ ከመስከረም እስከ መጋቢት ሥራ ሲጠፋ የግዛታችሁን የሥራ አጥነት ክፍያ ቢሮ በዚያው ሳምንት አነጋግሩ፤ አንዳንድ ሰው አይገባኝም ብሎ ስለሚያስብ ሳይጠይቅ ይቀራል። ለማመልከት የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ያለውን በአንድ ፖስታ አኑሩት።